የኅዳር የጋራ ጉዞ ረቂቅ ሐሳብ፦ ዶውሮ ወይስ አሌንቴዡ?

ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በኅዳር ከፍራንክፈርት ተነሥተን የምናደርገውን የሦስት ሌሊት ጉዞ በሚመለከት ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን ሐሳብ አባላት አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያርሙትና እንዲያዳብሩት ስለ ወሰነ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ እነሆ አቀርባለሁ። ማረፊያችን ፖርቱጋል ውስጥ ፖርቶ ከተማ ሆኖ፣ አንዱን ቀን በዶውሮ ሸለቆ እናሳልፋለን። የዶውሮ የወይን አገር ወሰኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1756 በሕግ የተከለለ፣ በ2001 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ ነው። የጉዞው ቀን ከዓርብ ኅዳር 4 እስከ ሰኞ ኅዳር 7 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከኖቬምበር 13 እስከ 16 ቀን 2026 ይሆናል። የአንድ ሰው ወጪ ከ450 ዩሮ እንዳይበልጥ ገንዘብ ያዣችን አሳስበዋል።

ቀድሞ ሊዝበን ይኖር የነበረ አባል፦

ጸሐፊያችንን ስለ ረቂቁ እያመሰገንኩ፣ ቀኑን እደግፋለሁ፤ ቦታውን ግን አልደግፍም። የፖርቶን ውበት የሚክድ የለም። ነገር ግን ከፖርቶ ወደ ዶውሮ እምብርት ወደ ፒንያው የሚወስደው ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ደርሶ መልሱ አምስት ሰዓት ይሆናል፤ በኅዳር አጋማሽ ፀሐይ በሀገራችን ሰዓት 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለምትጠልቅም፣ ያን የመሰለ አገር በአብዛኛው የምናየው በባቡር መስኮት ነው። የወይን ለቀማውም ካበቃ ሳምንታት አልፈውት ይቆየናል።

ለኅዳር የሚስማማው ደቡቡ፣ አሌንቴዡ ነው። ማረፊያችን ኤቮራ ትሁን። ኤቮራ ከሊዝበን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ በግንብ የታጠረች ከተማ ስትሆን፣ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረችው በ1986 ነው። ከሊዝበን አውሮፕላን ማረፊያ በሜትሮ ተሳፍረን ሦስተኛው ጣቢያ ኦሪየንቴ ላይ ከወረድን፣ ከዚያ ኤቮራ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የሮማውያኑ ቤተ መቅደስ፣ ካቴድራሉ፣ በቅስቶቹ ሥር ቤቶች የተሠሩበት የ16ኛው ክፍለ ዘመን የውኃ ማስተላለፊያ፣ ሁሉም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው።

ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ከኤቮራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በቪዲጌይራና በአጎራባቿ በቪላ ደ ፍራደሽ፣ ከሮማውያን ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ልማድ፣ ወይን ጠጅ እስከ ዛሬ የሚጠመቀው ታልያ በሚባል የሸክላ ጋን ነው። አንዳንዱ ጋን የሰው ቁመት ያህላል፤ እንዳያዣም ውስጡ በጥድ ሙጫ ዝፍት ይቀባል። ከዘለላው የተፈለፈለው ወይን ተጨፍልቆ ከነልጣጩ ይገባል፤ መፍላት ሲጀምር ድፍድፉ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ በእንጨት መግፊያ በየቀኑ ወደ ታች ይደፈቃል። ይህ ቸል ከተባለ ጋኑ እስከ መፈንዳት ይደርሳል። ፍላቱ ሲበርድ ድፍድፉ በራሱ ጊዜ ይዘቅጥና ማጥለያ ይሆናል፤ ከጋኑ ግርጌ ያለው ቀዳዳ ሲከፈት፣ ወይን ጠጁ በገዛ አተላው ውስጥ ተጣርቶ ኩልል ብሎ ይወርዳል። ጓዳዋ ውስጥ ጉሽ ጠላ ስታጠልል ያደገች ሴት ሁሉ አሠራሩን ያለ አስተርጓሚ ትረዳዋለች ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ቀኑም የተመቸ ነው። በአሌንቴዡ ደንብ መሠረት የታልያን ስም የሚይዝ ወይን ጠጅ ቢያንስ እስከ ኖቬምበር 11፣ ማለትም እስከ ቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ከነልጣጩ በጋኑ ውስጥ መቆየት አለበት። እኛ የምንደርሰው ጋኖቹ መከፈት ከጀመሩ ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

የእናቶች ክፍል ተጠሪ፦

ልጄ፣ ሐሳብህ ደስ ያሰኛል፤ ይሁንና የቀን መቁጠሪያውን አብረን እንየው። ዓርብ ጾም መሆኑ የታወቀ ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ የጽጌን ጾም በፈቃዳችን የያዝን እናቶች ደግሞ እስከ ኅዳር 5፣ ማለትም ቅዳሜንም ጨምረን ስለምንጾም፣ የሁለት ቀን የጾም ምግብ ያስፈልገናል። እሑድ ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። ጉዞው በአንድ ሳምንት ይገፋ ያሉኝ አሉ፤ እኔ ግን አልተስማማሁም፤ ምክንያቱም ቅዳሜ ኅዳር 12 የሚካኤል በዓል ስለሚውል ከደብራችን ርቀን መገኘት አይገባንም፤ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ስለዚህ ቀኑ ይጽና፤ ማእዱ ግን አስቀድሞ ይታሰብበት። የአገሩ ምግብ የአሳማ ሥጋ ይበዛበታል ሲባል ሰምቻለሁና ስለዚህም ብትነግረን።

ቀድሞ ሊዝበን ይኖር የነበረ አባል፦

እትዬ፣ የሰሙት እውነት ነው። አሌንቴዡ በባሉጥ ፍሬ በሚቀለበው ጥቁር አሳማው የታወቀ ሲሆን፣ ከዳቦ የሚሠራው ሚጋሽ እንኳ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚበስለው። ለጾመኞች የሚሆነው አሶርዳ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ተወቅጦ፣ የወይራ ዘይትና የፈላ ውኃ ተጨምሮበት፣ ዳቦ የሚፈተፈትበት ነው። እንቁላል ከላይ ስለሚያደርጉበት፣ አንዳንዴም በዓሣ መረቅ ስለሚያዘጋጁት፣ ሁለቱም እንዲቀሩ ለምግብ ቤቱ አስቀድመን በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርብናል። ሽምብራና ስፒናችም አይጠፋም። ለእሑድ ፍስክ የበግ ሥጋ በመረቅ ከዳቦ ጋር የሚቀርብበት ምግብ አለ፤ በኮሸሽላ መሰል አበባ የሚረጋውን የኤቮራን የበግ ወተት አይብም ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ።

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፦

ቪዲጌይራ መነሣቷ እኔን በሌላ ረገድ አስደስቶኛል። የፖርቱጋሉ መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1519 የቪዲጌይራ ኮንት በሚል የመኳንንት ማዕረግ የተሾመ ሲሆን፣ ሕንድ ውስጥ ከሞተ በኋላ አፅሙ ወደዚያች ከተማ መጥቶ በ1880 ወደ ሊዝበን እስኪዛወር ድረስ በዚያው አርፏል። በ1541 400 ያህል ጠመንጃ ያዥ ወታደሮችን አስከትሎ ከምጽዋ ወደ ደጋው የዘለቀው፣ በማግስቱም ዓመት ወፍላ ላይ ድል ሆኖ ከተማረከ በኋላ የተገደለው ክሪስቶቫው ዳ ጋማ የዚሁ ሰው ልጅ ነው። ከወታደሮቹ የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋግተዋል። በአውቶቡስ በምንጓዝበት አንድ ሰዓት ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ አጠር ያለ ገለጻ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ።

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ፦

ጋሼ፣ ገለጻዎን በጉጉት እጠብቃለሁ። ማኅበራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ስለሆነ፣ የኢማም አሕመድም ወገን በዚያው ሚዛን ቢነገር፣ ኦቶማኖችም እንደ ፖርቱጋሎቹ ጠመንጃ ይዘው መግባታቸው ቢወሳ መልካም ነው እላለሁ፤ እርስዎም ይህን እንደማይዘነጉት አውቃለሁ።

ሌላው አስተያየቴ መጠጡን ይመለከታል። እኔን ጨምሮ አልኮል የማንቀምስ አባላት ጥቂት አይደለንም፤ በእምነታቸው ምክንያት የማይጠጡ ጴንጤ ወንድሞችና እኅቶችም አሉን። የጋኑን አሠራር ማየት ምንም አይከፋንም፤ ቅምሻው ግን የጉዞው ማዕከል ሆኖ መጻፉን አልደግፍም። በዚያ ሰዓት ከቪላ ደ ፍራደሽ አጠገብ ያለውን የሳን ኩኩፋቴን የሮማውያን ፍርስራሽ መጎብኘት ለሚፈልግ ሰው አማራጩ በረቂቁ ውስጥ ይግባ። የቅምሻው ክፍያም ከማኅበሩ ካዝና እንዳይወጣ እጠይቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦

በመጨረሻው ነጥብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የቀመሰ ይክፈል። ከማኅበሩ ካዝና የሚሸፈነው ወደ ቪዲጌይራ የሚወስደን አውቶቡስ ብቻ ይሁን።

ጉዞው ለከርሞ ይተላለፍ ለሚሉ ወገኖች አንድ ነገር ላስታውስ፤ ኤቮራ በአውሮፓውያኑ 2027 የአውሮፓ የባህል መዲና ስለሆነች የዚያን ዓመት የሆቴል ዋጋ ከዘንድሮው ይከብዳል ብዬ እገምታለሁ። በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ፈቃዱንና ፓስፖርታችሁን ሁለቱንም ያዙ። ከለንደን ሊቀላቀሉን ያሰቡት፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙት ዘመዶቻችን ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ስለሚቀርብ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጀምሩ። ጠርሙስ የሚገዛ ሰውም በእጅ ሻንጣ ይዞ ፍተሻውን ማለፍ ላይፈቀድለት ስለሚችል የሚጫን ሻንጣ ከወዲሁ ይክፈል።

ጸሐፊ፦

በተሰጡት አስተያየቶች መሠረት ረቂቁ እንዲህ ተሻሽሏል። «ማኅበሩ ከኅዳር 4 እስከ 7 ቀን 2019 ዓ.ም. ወደ ኤቮራ የሦስት ሌሊት ጉዞ ያደርጋል። ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ቪዲጌይራና ቪላ ደ ፍራደሽ ሄዶ የታልያን አሠራር ይጎበኛል፤ ቅምሻው በእያንዳንዱ አባል ፈቃድና ወጪ የሚፈጸም ሲሆን፣ በዚያው ሰዓት የሳን ኩኩፋቴ ጉብኝት ይካሄዳል። የዓርብና የቅዳሜ ማእድ የጾም ምግብን ያካትታል፤ በማናቸውም የጋራ ማእድ የአሳማ ሥጋም ሆነ ስብ አይቀርብም። እሑድ ጠዋት የቁስቋም ጸሎት በማረፊያው ከተደረሰ በኋላ ቀኑ ለከተማው ጉብኝት ይውላል።» በቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ያለውን፣ ግድግዳው በሰው አጥንት የተለበጠውን ጸሎት ቤት በረቂቁ ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው፤ በሩ ላይ «እዚህ ያለን አጥንቶች የእናንተን እንጠብቃለን» ተብሎ ተጽፏልና፣ መግባት የሚሻ በግሉ ይግባ።

የእናቶች ክፍል ተጠሪ፦

አንድ ነገር ይጨመር። የኤቮራ መንገዶች በድንጋይ የተነጠፉ ናቸው፤ ባቡር ጣቢያውም ከቅጥሩ ውጪ ነው ተብያለሁ። ጉልበታችን ለደከመው ዓርብ ከጣቢያ እስከ ማረፊያው፣ ሰኞም በመመለሻው መኪና ይያዝልን፤ ማረፊያውም ሊፍት ያለው ይሁን።

ጸሐፊ፦

ተጨምሯል፤ የመኪናውንም ወጪ ገንዘብ ያዣችን ከአውቶቡሱ ሒሳብ ጋር አጠቃልለው ያቀርቡታል። ተጓዦች እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ስማቸውን፣ የሚጾሙና የማይጾሙ መሆናቸውን ጭምር ገልጸው፣ ለእርሳቸው ያስመዝግቡ።