የአራት ቅዳሜ የግጥም ንባብ፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦ ውድ አባላት፣ ለቤተ መጻሕፍቱ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ እስከ ዓርብ መድረስ አለበት። በእጄ ያለው ረቂቅ አራት ቅዳሜዎችን ይይዛል፤ በሁለቱ ስለ ግጥም ጭብጥ፣ በቀሩት ሁለት ስለ ቅርጽ እንነጋገራለን። ከጥንቱ ቅኔ፣ ከዘመናዊው ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና ሰሎሞን ዴሬሳ ይነበባሉ። የሚጨመርም የሚቀነስም ካለ እዚሁ ጻፉ። እንደ ባለፈው ዓመት ሁሉም «ጥሩ ነው» ብሎ አልፎ በዕለቱ እንዳንወቃቀስ።

መምህርት፦ እንግዲያው እኔ ልጀምር፤ አከፋፈሉን አልወደድኩትም። በክፍል ውስጥ የማየው ይኸው ነው። ተማሪ ጭብጡን ሲጠየቅ «የሀገር ፍቅር» ብሎ ይጽፍና ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ግጥሙን ግን አላነበበውም። ጭብጡን ከቅርጹ ነጥለን ካቀረብን እኛም ያንኑ እናስተምራለን። አንድ የታወቀ የቃል ግጥም ልውሰድ፦

እጸ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ጭብጡ ፍቅር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን የግጥሙ ጉልበት ያለው የአዳም ስም ከከንፈሯ፣ የመድኃኔ ዓለም ስም ከልቡ ጎን መቀመጡ ላይ ነው። በደሉ የእሷ ከንፈር፣ ቅጣቱን የሚቀበለው የእሱ ልብ። ይህ በአቀማመጥ የተነገረ ነገር ነው፤ አቀማመጡን ካፈረስነው የሚተርፈው «ወድጄሻለሁ» ብቻ ነው።

መሪጌታ፦ መምህርት በደንብ ተናግረዋል። እኔ የምጨምረው አለ። ብዙ ሰው ሁለት ትርጉም ያለው ቃል በሰማ ቁጥር «ሰምና ወርቅ» ይላል። በቅኔ ቤት ግን ሰሙም (ላይኛው ትርጉም) ወርቁም (ዋናው ትርጉም) ሲነገሩ ነው ሰምና ወርቅ የሚባለው። እዚህ አዳም ሰም፣ ከንፈርሽ ወርቅ፤ መድኃኔ ዓለም ሰም፣ ልቤ ወርቅ። ሁሉም ተነግሯል፤ የተደበቀ የለም። አንድ ቃል ብቻውን ሁለቱን ሲሸከም ኅብር ይባላል፤ «ተሰቀለልሽ» ወደዚያ ትጠጋለች፤ ጌታም ተሰቀለ፣ የወደደ ሰውም ልቡ ይሰቀላልና። ይህ ልዩነት በሐሳባችን ውስጥ ይግባልኝ።

ሌላው፣ ረቂቁ «ከጥንቱ ቅኔ» ይላል። ይህች ግጥም ግን የአማርኛ የቃል ግጥም ናት። ቅኔውን የምናነሳ ከሆነ ግዕዙ ይሰማ። ጉባኤ ቃና የምትባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ናት፤ ተማሪውም የሚጀምረው በእሷ ነው። መወድስ የሚባለው ቅኔ ስምንት ቤት ነው፤ ለአንድ ቅዳሜ ይከብዳል። ዜማውን ላሰማ፣ ከዚያ ፍቺውን ልናገር።

ወጣቱ አባል፦ መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የግጥሟ ምት የወል ቤት የሚባለው ነው ልበል ወይስ አይደለም? በጣቴ ስቆጥር ግራ ገባኝ። የመጀመሪያው ሐረግ፣ ማለትም የስንኙ የመጀመሪያ ግማሽ፣ በፊደል ስምንት ነው።

መምህርት፦ ፊደሉን ሳይሆን ቀለሙን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚነገረውን ድምፅ፣ ነው የሚቆጥሩት። እ፣ ጸ፣ በ፣ ለስ፣ በል፣ ቶ። ስድስት። ሳድሱ ፊደል ከፊቱ ካለው ጋር ተጣብቆ ይነገራል። «መድኃኔ ዓለም ልቤ» በጽሑፉ ሰባት ይመጣል፤ አፋችን ግን «መድኃንያለም» ስለሚል ስድስት ይሆናል። ሁለተኛዎቹ ሐረጎች አምስት አምስት ናቸው። የወል ቤት ስድስት በስድስት ስለሆነ ይህች ልክ አትመጣም፤ ሰንጎ መገን የሚባለው ምትም አምስት በአምስት ነው። አዝማሪ ሲያዜማት ግን የመጨረሻውን ድምፅ ይጎትተዋል፤ ጉድለቷን ዜማው ይሞላላታል ብዬ አስባለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ተሳታፊው ራሱ በጣቱ ቢያገኘው ከሰዓት ንግግር ይበልጣል።

ወጣቱ አባል፦ ተቀብያለሁ፤ ግን ቆጠራው ለሁሉም አያገለግልም። ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. የግጥም መድበሉን «ልጅነት»ን ሲያወጣ ዋናው መከራከሪያ ቅርጹ ነበር። የለመድነውን ምትና ቤት መምቻ ፈልገን ካጣን «ይህማ ግጥም አይደለም» ብለን ልንነሳ ነው። አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ልቅ ግጥሙን (ምትና ቤት የማይጠብቀውን) እንደ ስድ ንባብ አያይዘን ሰሌዳ ላይ እንጻፈው። ተሳታፊዎች ስንኙ የት እንደሚሰበር ራሳቸው ያስምሩ። ከዚያ ገጣሚው የሰበረበትን እናሳያቸው። ልዩነቱ ላይ ጭቅጭቅ ከተነሳ ቅርጹ ያን ጊዜ ይገባል።

መምህርት፦ ይህን ወድጄዋለሁ። ያም ሆኖ ጥንታዊው ቤት ይመታል፣ ዘመናዊው አይመታም የሚል መስመር አናስምር። ጸጋዬ ቤት ይመታል፤ ሐረጉን ግን ወደ ስምንት ቀለም አስረዘመው፤ ስለዚህም «የጸጋዬ ቤት» ተባለለት። ከወል ቤቱ ስድስት ጋር አንድ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ሁለቱ ቀለም ትንፋሽ ያስረዝማሉ፤ የመድረክ ሰው ስለነበር የተዋናይ ሳንባ እያሰበ የጻፈ ይመስለኛል። ገብረ ክርስቶስን በተመለከተ ሠዓሊነቱን በማስተዋወቂያው ላይ አንድ መስመር ብናነሳ ይበቃል፤ የሕይወት ታሪክ ስንተርክ ሰዓቱ እንዳያልቅብን።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ምት አላውቅም፤ ስለ ወረቀት ግን አውቃለሁ። ረቂቁ ለአንድ ሰው ስምንት ገጽ ፎቶ ኮፒ ይላል። ደግሞም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ገብረ ክርስቶስ ያረፈው በ1973 ዓ.ም.፣ ጸጋዬ በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱም ገና በመብቱ ውስጥ ናቸው። ጥቂት ስንኝ መጥቀስ አንድ ነገር ነው፤ ከመድበሉ ገጽ በገጽ ማባዛት ሌላ። መጽሐፎቹን ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ብናኖራቸው አይሻልም?

ጸሐፊዋ፦ ይሻላል። የተስተካከለው ረቂቅ እንዲህ ነው። የጭብጥና የቅርጽ ክፍፍሉ ቀርቷል፤ በእያንዳንዱ ቅዳሜ አንድ ወይም ሁለት ግጥም ብቻ ይነበባል፤ በመጀመሪያ በቃል ይሰማል፣ ቀጥሎ ይቆጠራል ወይም ይሰበራል፣ ምን ይላል የሚለው በመጨረሻ ይመጣል። 1ኛው ቅዳሜ የቃል ግጥም፤ 2ኛው በመሪጌታ ጉባኤ ቃና፣ ከነዜማውና ከነፍቺው፤ 3ኛው የወል ቤትና የጸጋዬ ቤት ጎን ለጎን፤ 4ኛው የሰሌዳው ሙከራ፣ በወጣቱ አባላችን መሪነት፣ ከሰሎሞን ዴሬሳና ከገብረ ክርስቶስ። የሰምና ወርቅና የኅብር ልዩነት በመግቢያው ላይ ገብቷል። መሪጌታ፣ ግዕዙን ለማያውቅ ሰው አንድ ሰዓት ይበቃዎታል?

መሪጌታ፦ ጉባኤ ቃናዋ ሁለት ቤት ናት፤ የምታልቀው በትንፋሽ ነው። ፍቺዋ ግን ሰዓት ሙሉ ትበላለች። አንድ ነገር ላሳስብ፤ ቅኔ በተባለበት ይቀራል እንጂ አይደገምም፤ ስለዚህ የምለው በዚያው ቀን የሚቆጠር፣ ማለትም የሚደረስ፣ ነው፤ አስቀድማችሁ በወረቀት እንዳትጠይቁኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ደስ ይለኛል እንጂ! ስምንቱ ገጽ ወደ አንድ ወረደ ማለት ነው። ሰሌዳው እዚያው አለ፤ ጠመኔውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።