ክትባትና ድጎማ በአንድ መዝገብ ይሁን ወይስ ለየብቻ? (መታወቂያ የሌለው ነዋሪስ?)

መዝገብ_ያዥ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ። የሰፈር ነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ፣ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ክትባቱ ለማን ይቅደም፣ መንግሥት የሚለቀው የድጎማ ገንዘብስ ለማን ይድረስ የሚል እቅድ አርቅቁ ተብለን ከተቀመጥን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ቀላል ነው፣ አንድ መዝገብ ይኑረን፣ የነዋሪነት መታወቂያ ያለው ይመዝገብ፣ በዛችው ስም ክትባቱንም ይከተብ ገንዘቡንም ይቀበል፣ አለቀ። እንዲህ ያልኩት በኮቪድ ጊዜ ያየሁት ትርምስ እስካሁን ስላልወጣልኝ ነው፣ ለክትባቱ አንድ ፎርም ለድጋፉ ሌላ ፎርም፣ አንዱ ላይ «ኃይሉ» ሌላው ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ይጻፍና ሰውየው ሁለት ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ከዛ ተደጋግሟል ተብሎ ሁለቱም ይሰረዛሉ።

ስብሰባው ላይ ግን አንዲት እናት ተነሡና «ልጄ፣ ደባሎቹን የት ልታደርጋቸው ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። አንድ ግቢ ውስጥ አከራይዋ መዝገብ ላይ አሉ፣ ጓሮ ያሉት ሦስት ተከራዮች የሉም፣ የቤት ሠራተኛዋ የለችም። በሌላ በኩል ደግሞ ማስረጃ ካልጠየቅን ከየትም የመጣ ተሰልፎ ድርሻችንን ይወስድብናል የሚሉ አሉ፣ እነሱም ዝም ብለው አይደለም የሚናገሩት። እንዴት ታዩታላችሁ? በተለይ ጤና ላይ የሠራችሁ ብትመልሱልኝ።

ሲስተር_ነኝ፦
ወንድሜ ሐሳብህ ወረቀት ላይ ያምራል። እኔ በኮቪድ ጊዜ ክትባት ጣቢያ ላይ ነበርኩና የሆነውን ልንገርህ። እኛ ጋ የነበረው አስትራዜኔካ ነው፣ የእኛው ብልቃጥ 10 ሰው ነበር የሚከትበው፣ አንዴ ክዳኑን በመርፌ ከወጋኸው በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ የቀረው ይደፋል፣ ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጠውም ለነገ አይሆንም። አንድ ቀን ልንዘጋ ስንል አንድ አዛውንት በልጃቸው ተደግፈው መጡ፣ ስማቸው ሊስቱ ላይ አለ። ለአንድ ሰው ብልቃጥ እንክፈት ወይስ ነገ ይመለሱ? ሰውየውን ሳያቸው ነገ የሚመለሱ አልመሰለኝም፣ ከፈትኩ። ዘጠኝ ዶዝ በእጃችን ቀረ። ሊስቱ ላይ ያሉትን ደወልን፣ ግማሹ ስልክ ዝግ ነው፣ ግማሹ ሩቅ ነኝ ይላል፣ በመጨረሻ ስድስት ሰው ተገኘ። የሚገርመው በር ላይ ቆሞ ሰልፉን ሲያስከብር ሁለት ወር የከረመው ጥበቃችን አልተከተበም ነበር! ምነው ስለው «ሲስተር፣ መታወቂያዬ እኮ የሌላ ቦታ ነው» አለኝ። በቀን ስንት መቶ ሰው ፊቱ ላይ እየሳለበት። እሱን ከተብኩት፣ ሁለቱን ዶዝ ደፋን። ያን ለታ ሪፖርቱ ላይ «ብክነት 2» ብዬ ስጽፍ የተሰማኝን አልነግርህም።

ሌላው ደግሞ ገንዘቡንና ክትባቱን አንድ ላይ ስታስረው የምትፈጥረው ጥርጣሬ ነው። ክትባት የሚፈራው ሰው «ገንዘቡን የሚሰጡን ለመርፌው ነው፣ ደህና ነገር ቢሆን ለምን ይከፍሉናል» ይልና ከሁለቱም ይሸሻል። ወረቀት የሌለው ደግሞ ገንዘብ ሲባል ምርመራ ይመጣብኛል ብሎ ለክትባቱም ብቅ አይልም። አንዱ ፍርሃት ሌላውን ይዞት ይሄዳል። ለየብቻ አድርገው።

ድርሻዬን፦
እኔ በመታወቂያው አጥብቄ ነው የምከራከረው፣ ስሜታዊ አንሁን። ካናዳ ውስጥ ዩኮን የሚባል ግዛት አለ፣ እዛ ቢቨር ክሪክ የምትባል ከመቶ ብዙ የማይበልጥ ሰው ያላት ቦታ፣ የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ የሚኖርባት። ሐኪም ቤት ሩቅ ስለሆነባቸው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2021 ላይ የሞደርና ክትባት ቀድሞ ተላከላቸው። አንድ ሀብታም ባልና ሚስት ከቫንኩቨር ተነሥተው ትንሽ አውሮፕላን ተከራይተው ሄዱና «እዚህ ሞቴል ነው የምንሠራው» ብለው ተከተቡ። የተነቃባቸው ሲጨርሱ ወደ ኤርፖርት አድርሱን ሲሉ ነው! ቅጣቱ ለእያንዳንዳቸው 1,150 የካናዳ ዶላር፣ ለነሱ የሻይ መጠጫ ማለት ነው። እና በእምነት እንሥራ ስትሉ እንዲህ ያለውን ሰው አስቡት። እጥረት ባለበት ጊዜ በር ክፍት ከሆነ ቀድሞ የሚገባው ደካማው አይደለም፣ መኪና ያለው ነው።

ቁጥር_ወዳድ፦
@ድርሻዬን የቢቨር ክሪኩ ታሪክ እውነት ነው፣ ግን እነዛ ሰዎች እኮ ወረቀት አያጡም፣ መታወቂያ ቢጠየቅ አንድ ነገር ያዘጋጁ ነበር፣ ወረቀት የሚያጣው ሌላው ነው። ያንተ ሐሳብ በተግባር ሲሞከር የሆነውን ፍሎሪዳ ላይ ተመልከት። ከሌላ ግዛትና ከውጭ አገር ለክትባት ብቻ የሚመጣ ሰው በዛ ተብሎ በጃንዋሪ 2021 የነዋሪነት ማስረጃ ግዴታ ሆነ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል፣ መንጃ ፈቃድ ምናምን። ሀብታሙ እዛ ሁለተኛ ቤት ካለው ቢሉን ይዞ ይመጣል፣ ችግር የለበትም። ከባዱ ለእርሻ ሠራተኞቹ ሆነ፣ ዓመት ሙሉ እዛው ቲማቲም የሚለቅሙት፣ አንድ ክፍል ለስምንት ለዘጠኝ የሚኖሩት፣ ቢሉ በማን ስም ይመጣል? በኤፕሪል መጨረሻ መመሪያው ተለወጠና እዛ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ሁሉ ይከተብ ተባለ። ሦስት ወር ግን አለፈ፣ ያውም ተጨናንቀው የሚኖሩትን ይዞ።

ድጎማውም ላይ ተመሳሳይ ነገር ነው። አሜሪካ በማርች 2020 ለአዋቂ 1,200 ዶላር ስታከፋፍል ባልና ሚስት ታክሳቸውን አብረው የሚያሳውቁ ከሆነ የአንዳቸው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው መለያ ቁጥር) አለመኖር ሌላኛውንም ያስቀረው ነበር፣ ዜጋ ቢሆንም (ወታደሮች ላይ ብቻ ነው የላላው)። ዲሴምበር ላይ በሌላ ሕግ አስተካከሉት፣ ወደ ኋላም እንዲሠራ አደረጉት፣ ችግሩ በዛ መሀል የቤት ኪራይ አይጠብቅም።

ፖርቱጋል ደግሞ በተቃራኒው ነው ያሰበችው። በማርች 2020 የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄያቸው በሂደት ላይ ያሉትን ስደተኞች እስከ ጁን መጨረሻ ድረስ እንደ ሕጋዊ ነዋሪ ይቆጠሩ አለች፣ ጤናውንም ማኅበራዊ ድጋፉንም እንዲያገኙ። ማመልከቻ ያስገቡበት ደረሰኝ በቂ ነበር። ሰውየው ወረቀት እስኪያመጣ አልጠበቁትም፣ ያለችውን ወረቀት ዋጋ ሰጧት።

ድርሻዬን፦
እሺ፣ መንግሥት ሲሆን ይቻላል። ኮሚቴ ግን በምን አቅሙ ነው ማን የት እንደሚኖር የሚያጣራው?

ቁጥር_ወዳድ፦
ቶጎ እንዴት እንደሠራችው እይ። በኤፕሪል 2020 ኖቪሲ የሚባል የገንዘብ ድጋፍ ጀመሩ፣ ሰዉ በተራ ሞባይል አጭር ቁጥር ይደውላል፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ የመራጭነት ካርዱን ቁጥር ያስገባል፣ ገንዘቡ በሞባይል መኒ ይገባለታል። ሴቶች ትንሽ በለጥ ያለ ነበር የሚያገኙት። ለምን የመራጭ መዝገብ? ምርጫው ገና ማለፉ ስለነበር ያላቸው ትኩስ መዝገብ እሱ ነበር። ካርዱ ላይ ሥራም ቦታም ስላለ የተዘጉት ከተሞች ውስጥ ማን መደበኛ ባልሆነ ሥራ እንደሚተዳደር ከዛው አወቁ። የመራጭነት ካርድ ያላወጣ ቀረ ወይ? ቀረ። ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም፣ በቀናት ውስጥ ገንዘብ ማድረስ ግን ቻሉ።

ዝም_ያለ፦
ስልክ የሌለውስ?

ሲስተር_ነኝ፦
የጎረቤት ስልክ ይጻፋል። እኛ አንድ ቁጥር ላይ አሥራ አንድ ሰው ተመዝግቦ ያውቃል፣ ባለስልኳ ሴትዮ በኋላ ከኛ በላይ ትሠራ ነበር፣ ማን ቀጠሮ እንዳለው በቃሏ ነው የምታውቀው። ሕንድም ክትባቱን ለወጣቶች ስትከፍት መጀመሪያ በኢንተርኔት ብቻ ተመዝገቡ ብላ፣ ወር ሳይሞላ ነው በአካል ቀርቦ መመዝገብም የተፈቀደው።

መዝገብ_ያዥ፦
ሲስተር አንድ ነገር ግልጽ አድርጊልኝ። መታወቂያ አንጠይቅ ካልን መዝገብ ራሱ ምን ያደርግልናል? ሁለተኛውን ዶዝ ማን እንደወሰደ እንዴት እናውቃለን?

ሲስተር_ነኝ፦
መመዝገብና ማስረጃ መጠየቅ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አስትራዜኔካን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይተን ነበር የምንደግመው፣ ስለዚህ ስም፣ ስልክ፣ የመጀመሪያው ቀን፣ የብልቃጡ ባች ቁጥር (በአንድ ዙር አብረው የተመረቱት የሚለዩበት) የግድ ያስፈልጋል። አንድ ባች ላይ ችግር ቢመጣ ሰዎቹን መልሰህ እንድታገኛቸው ነው። ሰውየው የነገረህን ስም ጻፍና ካርድ ስጠው፣ ካርዱን ይዞ ይመለሳል። ውሸት ስም ቢነግርህ እንኳን ክንዱ ውሸት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ያላነሳችሁት አለ። ክትባቱ ሲጠየቅ በሕዝብ ቁጥር ነው የሚጠየቀው። አንተ መታወቂያ ያላቸውን ብቻ ቆጥረህ ከላክህ የሚመጣልህ ዶዝ በዛው ልክ ነው፣ ደባሎቹ በኋላ ቢመጡ በእውነትም ያልጠየቅክላቸውን ነው የሚወስዱት፣ ያኔ @ድርሻዬን «ወሰዱብን» ሲል ልክ ይሆናል። እጥረቱን እኛው በቆጠራችን እንፈጥረዋለን ማለት ነው። እጥረት ደግሞ ሲመጣ አታውቀውም፣ ኮቫክስ፣ ክትባቱን ለየአገሩ ያከፋፍል የነበረው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ እስከ 2021 መጨረሻ 2 ቢሊዮን ዶዝ አደርሳለሁ ብሎ አቅዶ አንደኛውን ቢሊዮን ያለፈው ጃንዋሪ 2022 ላይ ነው። ማርች 2021 ሕንድ ክትባቱን ወደ ውጭ መላክ ስታቆም ስንቱ አንደኛውን ተወግቶ ሁለተኛውን ሲጠብቅ ከረመ። እንዲህ ባለ ቀን ዝቅ አድርጎ መቁጠር ራስን መጉዳት ነው።

ድርሻዬን፦
ይሄኛው አሳመነኝ። ቆጠራው ላይ ሁሉም ይግባ፣ ከውጭ የመጣውን ለመለየት ግን አንድ ጥያቄ ይኑር፣ ዝም ብሎ በር መክፈት አይሆንም። ጎረቤት ይመስክር፣ ወይ አከራዩ ይፈርም።

ሲስተር_ነኝ፦
አከራይ አይፈርም! ግብር ይመጣብኛል ብሎ ደባል የለኝም ይላል። ጎረቤት ይሻላል።

መዝገብ_ያዥ፦
አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ማታ ረቂቁን ቀየርኩት። ክትባቱና ድጎማው ሁለት የተለያየ ወረቀት ሆኑ፣ የድጎማው ላይ ገና ብዙ እንጨቃጨቃለን። የክትባቱ ፎርም ላይ «የነዋሪነት መታወቂያ ቁጥር» የሚለውን አጥፍቼ «ሌሊት የት ነው የሚያድሩት?» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ የሚያውቅዎት ጎረቤት ስም ይላል። ስም አጻጻፉን ደግሞ ኃም ይሁን ሀ ለፍለጋ አንድ ላይ እንዲቆጠር አደርጋለሁ።

ዝም_ያለ፦
የሲስተር ጥበቃ ሌሊት ተረኛ ከሆነ ምን ብሎ ሊሞላው ነው?

መዝገብ_ያዥ፦
ሃሃሃ እውነትህን ነው። «የት ነው የሚተኙት?» ብዬዋለሁ።