ጣና ዳር ንጋት ላይ የማነሳቸው ወፎችም ውሻዬም ጠቆሩብኝ

ቡቺ እና እኔ (ባሕር ዳር)
ሰላም እንዴት ናችሁ? ጠዋትና አመሻሽ ላይ ውሻዬን ቡቺን ይዤ ጣና ዳር እሄዳለሁ። የማነሳው በስልኬ ነው። ደንገሉ ውስጥ የሚቆሙትን ወፎች፣ ዓሣ አጥማጆቹን የሚከተሉትን ፔሊካኖች፣ ሰማዩን፣ ቡቺንም አነሳለሁ። ሰማዩ ያምርልኛል። ወፎቹ ግን ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ቡቺም ፀጉሩ ጥቁር ስለሆነ ዓይኑ እንኳ አይለይም። እሱ ላይ ሳተኩር ደግሞ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይመስላል። ሰዎች «ወፍ ነው እኮ፣ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። እኔ ላባቸውን ማሳየት እፈልጋለሁ። እንስሳውንም ሰማዩንም አንድ ላይ ማግኘት ይቻላል?

የሐይቅ ዳር ካሜራ
ይቻላል እህቴ። ስልክሽ ምንም አልሆነም። ዓይናችን ደማቁንም ጨለማውንም ባንዴ ያያል፤ ካሜራ ያን ያህል አይችልም፤ አንዱን ይመርጣል።

መፍትሔው መዞር ነው። ሁላችንም ፀሐይ ወደምትወጣበት እናያለን። ጀርባሽን ስጫት። ፀሐይ ልትወጣ ስትል በተቃራኒው፣ በምዕራብ በኩል ያለው ሰማይ ከታች ሰማያዊ፣ ከላዩ ሮዝ ይሆናል። ያ ሰማይ ለስለስ ያለ ስለሆነ ወፉም ሰማዩም እኩል ይወጣሉ። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ይህን ሰዓት ነው። ግን ቶሎ ያልፋል፤ እኛ አገር ንጋት አይረዝምም።

ከተማችን ከሐይቁ በስተደቡብ ናት፤ ስለዚህ ውሃውን ስታዪ ፀሐይ በቀኝሽ ናት። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ብርሃኗ ከኋላሽ መጥቶ ወፎቹን ፊት ለፊት ያገኛቸዋል። በሰኔ ግን ወደ ሰሜን ትሄድና በውሃው በኩል ትመጣብሻለች። ያኔ ቦታ ቀይሪ።

ለቡቺ ደግሞ ተንበርከኪ፤ ዓይኑ ካለበት ከፍታ ላይ ሁኚ። ከኋላው ሰማይ ሳይሆን ደንገል ይሁን። ፊቱ ላይ ጣትሽን ጫን አድርገሽ ብትይዢ ብዙ ስልኮች ትኩረቱንና ብርሃኑን ይቆልፋሉ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ታች ሳቢያት። ካሜራው ጥቁር ፀጉር ሲያይ ጨለማ መስሎት ከልክ በላይ ያበራል፤ ፀጉሩም ግራጫ ይሆናል።

ደብረ ማርቆስ
ስለ ሰማይ አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ፀሐይ እንደገባች ስልካችሁን ኪስ አትክተቱ። ከፍ ያሉት ስስ ደመናዎች የሚቀሉት ከዚያ በኋላ ነው፤ እኛ ጋ ሲጨልም እነሱ ገና ብርሃን ያገኛሉ። እኔ የምጠብቀው መስከረምን ነው። ዝናቡ አቧራውን አጥቦታል፣ ደመናው ገና አልሄደም፣ ከታች ደግሞ አደይ አበባ አለ። ወደ ጮቄ በኩል ያለውን ደመና በዚያ ሰዓት ያየ ሰው ቤቱ መግባት ይከብደዋል።

የዓባይ ልጅ
እህቴ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል የምትሄጂ ከሆነ እባክሽ ተጠንቀቂ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃው የሚመለሰው ልክ አንቺ በምትወጪበት ሰዓት ነው። በሱና በውሃው መሀል አትቁሚ። ቡቺንም በማሰሪያ ያዢው፤ ውሻ ሲጮህበት ዝም ብሎ የሚያልፍ እንስሳ አይደለም።

ቡቺ እና እኔ (ባሕር ዳር)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! መዞርን አስቤው አላውቅም ነበር። ቡቺንም ከእንግዲህ አልለቀውም። የሚበሩትንስ? ሁሌ ይደበዝዙብኛል።

የሐይቅ ዳር ካሜራ
በዚያ ብርሃን የሚበር ወፍ ለስልክ ይከብደዋል። ፀሐይ ከፍ እስክትል ጠብቂና ቁልፉን ይዘሽ በተከታታይ አንሺ። በጣትሽ እየጎተትሽ አታቅርቢ፤ ምስሉ ይፈርሳል፤ በኋላ ቁረጪው። እስከዚያ የሚቆሙትን አንሺ። ጥቁርና ነጯ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ዓሣ ይዛ ወደዚያችው እንጨት ትመለሳለች። እንጨቷ ላይ አስቀድመሽ አተኩሪና ጠብቂያት። ፔሊካኖቹ ደግሞ አጥማጆቹ ዓሣ በሚያጸዱበት ቦታ ይሰበሰባሉ። ሰው ስለለመዱ ቀስ ብለሽ ብትጠጊ አይሸሹሽም። ዳቦ ግን አትወርውሪላቸው።