ከመሬት የሚለካው የኮስሚክ ዳራ ጨረር «በሒሳብ የታጠበ ሰማይ» ነው?

ሰማይ ወዳድ፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈው ነገር አንጀቴን አሳረረው። «ከመሬት የሚለካው የኮስሚክ ዳራ ጨረር በሒሳብ የታጠበ ሰማይ ነው፤ እውነተኛው ዳታ የሳተላይት ብቻ ነው» ይላል። ከቢግ ባንግ የቀረውን፣ ሰማዩን ሁሉ የሞላውን ይህን ደካማ ጨረር ያገኙት ፔንዚያስና ዊልሰን እኮ መሬት ላይ ሆነው ነው! እ.ኤ.አ. በ1965 ውጤቱን ሲያወጡ የአየሩን ድርሻ ለይተው አውቀውታል። አንቴናው ከአናት ወደ አድማስ ሲያዘነብል የሚያልፍበት አየር ይወፍራል፣ ሲግናሉም ይጨምራል። ከጭማሪው ተነስተው የአየሩን ድርሻ 2.3 ኬልቪን አገኙት። እሱንና የራሱን የአንቴናውን ድርሻ ሲቀንሱ 3.5 ኬልቪን ተረፈ። ይሄ ነው የታጠበው?

ሞገድ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አላነሳውም። ፔንዚያስና ዊልሰን የለኩት አማካዩን ሙቀት ነው። ዛሬ የሚፈለገው ከ2.725 ኬልቪን ላይ ከቦታ ቦታ ያለ የመቶ ሺህ አንድ ያህል ልዩነት ነው። በ150 ጊጋኸርዝ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ አየሩ ራሱ ከጨረሩ በላይ ይደምቃል። ኦክስጅኑ ግድ የለም፣ እኩል የተደባለቀ ነው። የውሃ ተኑ ግን ቁርጥራጭ ነው፣ ነፋስ እየነዳው በቴሌስኮፑ ፊት ያልፋል። ያንን ለማጥፋት ዝግ ብሎ የሚለዋወጠውን ሁሉ ትጥላላችሁ። ከእሱ ጋር እውነተኛው ሰማይም ይሄዳል። ምን ልበለው ታዲያ?

ሚሊሜትር፦ ቦታ የሚመረጠው ለዚሁ አይደል እንዴ? ደቡብ ዋልታ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ በቺሊ የአታካማ በረሃ ያሉት ቴሌስኮፖች ከ5,000 ሜትር በላይ ናቸው። አታካማ ላይ ጥሩ ቀን ሲሆን ከአናትህ በላይ ያለው ተን በሙሉ ውሃ ቢሆን 1 ሚሊሜትር ቢሞላ ነው። ዋልታው በክረምት ከዚያም ያንሳል። ማንም ሰው ውሃው በሚያበራበት 183 ወይም ኦክስጅኑ በሚያበራበት 60 እና 118 ጊጋኸርዝ ላይ አይለካም። 90፣ 150 እና 220 የተመረጡት ከእነዚህ ራቅ ብለው፣ አየሩ ጨረሩን በሚያሳልፍበት «መስኮት» ውስጥ ስለሆኑ ነው።

ሞገድ፦ መስኮት የለም አላልኩም። መስኮቱ ክፍት ነው ማለት ግን ባዶ ነው ማለት አይደለም።

አዲስ ገቢ፦ ቆይ፣ «ሰማዩም አብሮ ይሄዳል» የተባለው ምን ያህል ነው?

ዳታ ላይ ነኝ፦ ጥሩ ጥያቄ። ተኑ ያለው ቅርብ ስለሆነ ጎን ለጎን ያሉ ዲቴክተሮች ሁሉ ያንኑ ተን በአንድ ጊዜ ያዩታል። የጋራቸው የሆነው ይቀነሳል። ከቴሌስኮፑ የእይታ ስፋት በላይ የሆነ የሰማይ ቅርጽም የጋራ ስለሚመስል አብሮ ይቀነሳል። ትንንሹ ቅርጽ ግን ያልፋል። ደግሞ በግምት አይደለም የሚሠራው። በኮምፒውተር የሠራነውን፣ መልኩን አስቀድመን የምናውቀውን ሰማይ በዚያው ማጣሪያ እናሳልፋለን። ምን ያህሉ እንደወጣ እናያለን፣ በዚያ ልክ እናርማለን። «ታጠበ» የሚለው ቃል ምን እንደጠፋ የማይታወቅ ያስመስላል። ይታወቃል!

ሞገድ፦ የጠፋው ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የጠፋውን አይመልስም። በትልቁ ስፋት ምንም ካልቀረ ምኑን ታርመዋለህ?

ዳታ ላይ ነኝ፦ በትልቁ ስፋት ልክ ነህ። እኔ የምቃወመው «ብቻ» ያልከውን ነው። የፕላንክ ሳተላይት መስታወት 1.5 ሜትር ነበር። የደቡብ ዋልታው ቴሌስኮፕ 10 ሜትር ነው፣ የአታካማው 6 ሜትር ነበር። ጥቃቅኑን ዝርዝር ማን ያሳይሃል?

ጥርጣሬ፦ የደቡብ ዋልታውን ቴሌስኮፕ ባይሴፕ2ን ረሳችሁት? እ.ኤ.አ. 2014 ላይ የዩኒቨርስ መጀመሪያ የስበት ሞገድ ምልክት ተገኘ ተብሎ ዓለም አጨበጨበ፣ ከዚያ ፈረሰ። ከመሬት ነበር።

ሚሊሜትር፦ እባክህ አታምታታ። እዚያ ያሳሳተው የጋላክሲያችን አቧራ ነው፣ አየር አይደለም!

ሞገድ፦ አቧራውን ማን ለየው? የፕላንክ 353 ጊጋኸርዝ። በዚያ ፍሪኩዌንሲ ከመሬት መለካት ለምን ይከብዳል? አየሩ ነዋ! ዞረን ዞረን እዚያው ነን።

ሚሊሜትር፦ ባይሴፕ2 የለካው በ150 ብቻ ስለነበር ነው። ከዚያ በኋላ እዚያው ዋልታ ላይ 95 እና 220 ተጨመሩ። ባይሴፕ2 የለካውን ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የጨረሩ ሞገድ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ፣ ካነሳህ ደግሞ አየሩ ከሞላ ጎደል ፖላራይዝድ አይደለም። ለአንተ ሙግት ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው።

ሞገድ፦ «ከሞላ ጎደል»! ደመና ውስጥ ያሉት የበረዶ ቅንጣቶችስ? የመሬትን ሙቀት ፖላራይዝድ አድርገው ይበትኑታል። ፖላርቤር የተባለው ቴሌስኮፕ ራሱ አታካማ ላይ አይቶታል።

ዳታ ላይ ነኝ፦ አይቶታል፣ ስላየውም ደመናማውን ሰዓት ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ያወቅከውን ጠላት እንዳላወቅከው አትቁጠረው።

ሰማይ ወዳድ፦ እኔ እስካሁን «የታጠበ» የሚለው አልተመለሰልኝም። በትንንሹ ስፋት የአታካማው ካርታና የፕላንክ ካርታ በሚደራረቡበት ቦታ ይስማማሉ። የታጠበ ሰማይ ካልታጠበው ጋር እንዴት ይገጥማል?

ሞገድ፦ በሚደራረቡበት! እኔ የምጠይቀው ስለማይደራረቡበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ኮከቦች የዩኒቨርሱን ጋዝ መቼ እንዳዮኑት (ኤሌክትሮኖቹን ከአቶሞቹ እንደነጠሉ) የሚነግረን ሲግናል ሰማዩን በሰፊው ካላየን አይገኝም። ያንን ከመሬት አስተማማኝ አድርጋችሁ አሳዩኝና ቃሌን አነሳለሁ።

ሚሊሜትር፦ አታካማ ላይ ክላስ የተባለው የቴሌስኮፖች ስብስብ የተሠራው እሱን ለመያዝ ነው። ፖላራይዜሽኑን ከአየሩ መዋዠቅ በፈጠነ ፍጥነት ይቀያይራል፣ ዝግ ያለው የአየር ጩኸት እንዳይደርስበት። ስለዚህ «አይቻልም» አትበል፣ «ገና ነው» በል።

ሞገድ፦ እንግዲያው እስከዚያ ድረስ ሳተላይት ይላክ።

ሰማይ ወዳድ፦ ይላክ፣ ማን ጠላ? የመሬቱን ስም ግን አታጥፋ።