ሐኪሙ «?» ጽፎበት የወጣን ካርድ በምን ኮድ ላስገባው?

ጥያቄ — ካርድ ክፍል፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። በጤና መረጃ ቴክኒሽያንነት ተመርቄ ደሴ አንድ ሆስፒታል ከገባሁ ሁለት ወር አልሞላኝም። መጀመሪያ ካርድ ማውጣትና መመለስ ነበር ሥራዬ። አሁን ተኝተው ታክመው ለወጡ ሕሙማን ካርድ የበሽታ ኮድ (ሕመሙን የሚወክል ፊደልና ቁጥር) እንድሰጥ ተመድቤያለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ተዛውራለች። የሚያሳየኝ ሰው ስለሌለ ማታ ማታ ዩቲዩብ እያየሁ ነው የምማረው። ሦስት ካርዶች ጠረጴዛዬ ላይ ቆመውብኛል።

አንደኛው የአንድ አባት ነው። ዲስቻርጅ ሰመሪው (ሲወጡ ሐኪሙ የሚጽፈው ማጠቃለያ) ላይ በተራ «ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የእግር ቁስል» ተብሎ ተጽፏል። የተኙት ግን ለቁስሉ ነው። ከቪዲዮ ያገኘሁትን የስኳር የእግር ቁስል ኮድ፣ ኢ11.621፣ ሳስገባ ሲስተሙ አልቀበል አለኝ።

ሁለተኛዋ ሆዷን አሟት የገባች ሴት ናት። ሰመሪው ላይ የሐሞት ከረጢት ቁጣ ተጽፎ ከፊቱ የጥያቄ ምልክት አለበት። አለባት ብዬ ላስገባው ወይስ የለባትም?

ሦስተኛው በባጃጅ አደጋ የተጎዳ ልጅ ነው። የጭኑ አጥንት ተሰብሯል። ስብራቱን ኮድ ሰጥቻለሁ። ይበቃል?

ሪፖርቱ ወሩ በገባ በ20 ይዘጋል። «የሚቀርበውን አስገቢና ዝጊው» ተብያለሁ። እኔ ግን ከበደኝ። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ጦሳ ስር

አብሽሪ እህቴ። ካርድ ክፍል ውስጥ ነው ፀጉሬ የሸበተው፤ ይሄ የሁላችንም የመጀመሪያ ወር ነው።

የስኳሩ ነገር ቀላል ነው። ያየሽው ቪዲዮ የአሜሪካኖቹ ነው። እነሱ ከጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙት አይሲዲ-10 (ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ፣ 10ኛው እትም) የራሳቸው ቅጥያ ያለው ነው። ከነጥቡ በኋላ ሦስትና አራት ቁጥር ይጨምራሉ። እኛ የምንሠራው በዓለም ጤና ድርጅቱ ነው። ብሔራዊ የበሽታ ምደባችንም መጀመሪያ የተቀዳው ከዚያው ነው። ስለዚህ 621 የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም። ሲስተሙ አልተበላሸም።

በእኛው መጽሐፍ የስኳር ቁስል ከደም ዝውውር ችግር ጋር በ.5 ሥር ይገባል። ታይፕ 2 ከሆነ ኢ11.5 ነው። ታይፑ ካልተጻፈ ኢ14.5 ነው። እዚህ ጋ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ። ሰውዬው በዕድሜ ገፋ ስላሉ «ታይፕ 2 መሆን አለበት» ብለው ይገምታሉ። አትገምቺ። የክትትል ካርዳቸውን ገልጠሽ እዪ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጻፈው ሁሉ ዋና ሕመም አይደለም። ዋናው፣ ሕክምናው ሲያልቅ ተረጋግጦ፣ ሰውዬው በዋናነት የታከመበት ነው። ሁለት እኩል ከመጡብሽ ብዙ ድካምና ብዙ መድኃኒት የወሰደውን ያዢ። እኚህ አባት አልጋ የያዙት ለእግራቸው ነው። ደም ግፊቱ አይ10 ሆኖ ከሥር ይከተላል። ፊደሏን ልብ በያት፤ «ኢ» ሳትሆን «አይ» ናት። በቃል ሲነገርሽ ሁለቱ ይምታታሉ።

ሁለተኛዋን ደግሞ፣ የመጽሐፉ ቅጽ 2 ላይ በግልጽ አለልሽ። ሕክምናው ካለቀ በኋላም ዋናው ሕመም «ተጠርጥሯል» እንደተባለ ከቀረና ሌላ መረጃ ከሌለ፣ እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ይሰጠዋል። አጣዳፊ የሐሞት ከረጢት ቁጣ ኬ81.0 ነው።

የርቀት ኮደር

ይቅርታ፣ በዚህ አልስማማም። እኔ ኦንላይን ኮርስ ወስጃለሁ። የተጠረጠረ ነገር በፍጹም ኮድ አይደረግም ነው የተባልነው። ምልክቱን ነው የሚያስገቡት፤ የሆድ ሕመም ብለሽ በአር10 ዝጊው።

ጦሳ ስር

ወንድሜ፣ የተማርከው ትክክል ነው፣ ግን የሌላ ቤት ሕግ ነው። ያ የአሜሪካ የተመላላሽ ሕክምና ደንብ ነው። ተኝቶ ለታከመ እነሱም እንደዚያ አያደርጉም። በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ ደግሞ ተኝቶ የታከመን ሰው በምልክት ኮድ ከመዝጋት በፊት በጣም መጠንቀቅ ነው። አር ፊደል የመጨረሻ አማራጭ ናት። ተመርምራ «የለባትም» ከተባለ ደግሞ ሌላ ነው፤ ለዚያ ዜድ03 አለ።

ነርስ ከኮምቦልቻ

ስለ ባጃጁ እኔ ልመልስልሽ። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው።

ስብራቱ ብቻውን አይበቃም። ኤስ72 አጥንቱ መሰበሩን ይናገራል። ምን እንደሰበረው አይናገርም። ለዚያ የአደጋው መነሻ ኮድ ይጨመራል፤ ከቪ እስከ ዋይ ያሉት ፊደላት ናቸው። እዚህ ጋ የግድ መጠየቅ ያለብሽ ነገር አለ። ልጁ ባጃጁ ውስጥ ነበር ወይስ መንገድ ላይ? ባለ ሦስት እግር ውስጥ ተሳፍሮ ከሆነ ከቪ30 እስከ ቪ39 ባለው ውስጥ ነው። በእግሩ ሲሄድ ከተገጨ ቪ02 ነው። እግረኛን የቤት መኪና ወይም ፒካፕ ከገጨው ቪ03፣ አውቶቡስ ወይም ከባድ መኪና ከገጨው ቪ04።

ለምን ነገሬ አልሽ ብትዪኝ፣ እኛ ከተማ የከባድ መኪና መንገድ ናት። ከጅቡቲ በሚሌ የሚመጣ ብዙ ተሳቢ በእኛ በኩል ያልፋል። ድንገተኛ መዝገባችን ላይ ግን ሁሉም «የመኪና አደጋ» ተብሎ ነው የሚጻፍ። ሲኖትራክ የገጨውም፣ ከባጃጅ የወደቀውም አንድ ላይ። ልጆቻችንን ምን እየጎዳቸው እንደሆነ መናገር የሚችለው ያ ኮድ ብቻ ነው። እባክሽ አትዝለዪው።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ እህት ልንገርሽ። ዕድሜና የተኙበትን ቀን አለመጥቀስሽ ጥሩ ነው። ደሴ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ወደፊትም እንደዚሁ ጠይቂ።

ደሴ ያለሁ ሐኪም

ያቺን የጥያቄ ምልክት የምንጽፈው እኛ ስለሆንን ዝም ማለት አልቻልኩም። ብዙ ጊዜ ሰመሪው የሚጻፈው ጠዋት ከራውንድ (ሕሙማንን ዞሮ ከማየት) በኋላ በጥድፊያ ነው። አልጋው ይፈለጋል፣ ቤተሰብ በር ላይ ቆሟል። የአልትራሳውንድ ውጤት ዘግይቶ ይመጣና ካርዱ ጀርባ ላይ ይያያዛል። ምልክቷን ተመልሶ የሚሰርዝ የለም። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ስለዚህ ደንቡን ከመጠቀምሽ በፊት ካርዱን እስከ መጨረሻው ገልብጪው። ውጤት ካገኘሽ ግን ራስሽ እንዳትተረጉሚው። ካርዱን ይዘሽ ወደ ዋርድ፣ ሕሙማን ወደሚተኙበት ክፍል፣ ሂጂ። ጠዋት ሞርኒንግ (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) እንዳለቀ ሁላችንንም አንድ ላይ ታገኚናለሽ። «ይቺን ያስተካክሉልኝ፣ ይፈርሙልኝ» በይ። የሚቆጣሽ ካለ ጥፋቱ የሱ ነው።

የጤና መድህን አባል

ጣልቃ ገባሁ፣ ይቅርታ። ኮዱ ከተሳሳተ ጤና መድህኑ ለሆስፒታሉ አይከፍልም ማለት ነው?

ጦሳ ስር

የማህበረሰብ አቀፉ የሚከፍለው በተሰጠው አገልግሎት ነው፤ እንደ አሜሪካኖቹ በኮድ ተመድቦ አይደለም። ግን ኦዲተሮቹ ሲመጡ በሽታው፣ ምርመራውና መድኃኒቱ መገጣጠሙን ያያሉ። ካርዱ ላይ ጥያቄ ምልክት ብቻ ካለ ያወዛግባል።

ካርድ ክፍል፣ ደሴ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሰኞ ጠዋት ካርዶቹን አቅፌ ወጣሁ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሴትየዋን ካርድ ማታውን ገልብጬው ነበርና፣ እውነትም የአልትራሳውንዱ ወረቀት ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ ተጣጥፎ ተገኝቷል። ስቴፕለሩ ግማሹን ጽሑፍ በስቶታል። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም) ዘርግቶ አነበበውና «ጠጠር እኮ ነበራት» አለኝ። የጥያቄ ምልክቷን በአንድ መስመር ሰርዞ፣ የሐሞት ጠጠር ከአጣዳፊ ቁጣ ጋር ብሎ ጻፈና ቀን ጽፎ ፈረመ። ስለዚህ ኬ81.0 መሆኑ ቀርቶ ኬ80.0 ሆነ። በደንቡ ብዘጋው ጠጠሩ ይጠፋ ነበር።

ጋሼ ጦሳ፣ የአባትየው የክትትል ካርድ ላይ ታይፕ 2 ተጽፎ አገኘሁት። ኢ11.5 ብዬ አስገባሁ፣ ሲስተሙም ተቀበለኝ። እግዜር ያክብርዎ።

የልጁን እናት ቀጠሮ ይዛ ስትመጣ ጠየቅኳት። ከትምህርት ቤት ሲወጣ አስፋልቱን ሊሻገር ሲል ነው አለች። ቪ02.1 አልኩት፤ ነጥብ አንዱ በመንገድ ትራፊክ ላይ ለደረሰ ነው አይደል?

ነርስ ከኮምቦልቻ

ልክ ነሽ። ሸጋ አድርገሽ ሠርተሻል።

ጦሳ ስር

«ጋሼ» ማለትሽ ደስ ብሎኛል። ዩቲዩቡን ተዪውና የዓለም ጤና ድርጅት ድረ ገጽ ላይ አይሲዲ-10ን በነጻ ክፈቺው። 11ኛውም እዚያው አለ፤ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፣ ከአሁኑ ዓይንሽን አልምጂው። ሌላ የቆመብሽ ካርድ ካለ ጻፊ፣ ማታ ማታ አያለሁ።

ካርድ ክፍል፣ ደሴ

አንድ አለኝ። እናትና አራስ ልጅ በአንድ ካርድ ቁጥር ገብተዋል። ነገ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።