የቪፒኤን ተጠቃሚ መፍጠሪያው መመሪያ የለውም፤ አሁን ደግሞ ማንም መግባት አልቻለም

ሒሳብ ክፍል (ጠያቂ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ደብረ ማርቆስ በሚገኝ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ሲሆን፣ የቢቸና፣ የሞጣና የደጀን ቅርንጫፎቻችን ወደ ዋናው ሰርቨር የሚገቡት በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የተመሠጠረ የግል መስመር) ነው። ዛሬ ለሞጣው አዲስ ገንዘብ ያዥ አካውንት ከፈትኩ። አካውንት መፍጠሪያው ስክሪፕት (ትእዛዞችን በተርታ የሚያስኬድ ፋይል) ያለ ምንም ስሕተት የሰውየውን መግቢያ ፋይል አወጣ፤ ሰውየው ግን መገናኘት አልቻለም። ይባስ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ገብተው የነበሩት ሁሉ አንድ በአንድ እየተቋረጡ ነው። ስክሪፕቱን የሠራው ባለሙያ ሥራ የለቀቀ ሲሆን፣ ትቶልን የሄደው ማስታወሻ «ስም አስገብቶ ማስኬድ፤ ዝርዝሩን በየጊዜው ማደስ፤ እስከ 2020 ያገለግላል» ከማለት አያልፍም። የሠራተኞቹን ዝርዝር በየጊዜው አድሰናል። የበጀት ዓመቱን ሒሳብ እየዘጋን ስለሆነ እባካችሁ በአስቸኳይ እርዱኝ።

መረብ ጠጋኝ፦ ሰርቨሩን አጥፍተው ያብሩት።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። መሣሪያውን የሠራው ሰው ሁሉን በጭንቅላቱ ይዞ ሲሄድ፣ ተተኪው የሚረከበው ሰርቨር ሳይሆን እንቆቅልሽ ነው። መመሪያ ማለት ትእዛዝ መደርደር አይደለም፤ ትእዛዙ ሲሠራ ምን እንደሚታይ፣ ሳይሠራ ሲቀር የት እንደሚታይና የወጣው ፋይል ለማን፣ በምን መንገድ እንደሚሰጥ መናገር አለበት። «እስከ 2020» የሚለውንም ልብ ይበሉ፤ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆቹ? ልዩነቱ እኮ የሰባትና የስምንት ዓመት ነው።

ዓባይ ማዶ፦ ወንድማችን ያሉት እውነት ቢሆንም ለዛሬ አይረዳም። እኔ ግን የጥያቄውን መነሻ አልቀበልም፤ አዲስ አካውንት መክፈት ነባሮቹን አያቋርጥም። ሁለቱም አንድ ሌላ ምክንያት እንዳላቸው እጠረጥራለሁ። የትኛው ቪፒኤን ነው? የሰርቨሩ ሎግስ (የሥራ መዝገቡ) ምን ይላል?

ሒሳብ ክፍል፦ ይቅርታ፣ ኦፕን ቪፒኤን ነው። ስክሪፕቱ ከውስጥ ኢዚ አርኤስኤን፣ ማለትም የተጠቃሚዎችን ሰርተፍኬት (ዲጂታል መታወቂያ) የሚያዘጋጀውን መሣሪያ፣ ይጠራል። ሎጉ ላይ ስለ ሲአርኤል አንድ መስመር ይደጋገማል።

የጮቄ ጉም፦ ማስታወሻውን የጻፉት ሰው ቅኔ ቤት ሳይውሉ አልቀሩም። «ዝርዝሩን ማደስ» ሲሉ ሰሙ የሠራተኞች ዝርዝር፣ ወርቁ ግን የተሻሩ ሰርተፍኬቶች ዝርዝር ነው፤ ሲአርኤል የሚባለው እሱ ነው። ከሥራ የወጣ ሰው አካውንት ሲሰረዝ ሰርተፍኬቱ በዚያ ዝርዝር ይገባል፤ ዝርዝሩ ራሱ ግን የአገልግሎት ጊዜ አለው፤ በኢዚ አርኤስኤ ካልቀየሩት ከወጣበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው። ጊዜው ሲያልፍ ሰርቨሩ የተሻረውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ይከለክላል። የገቡትም ቢሆኑ በተለመደው አደረጃጀት በየሰዓቱ እንደገና ስለሚመረመሩ ነው ተራ በተራ የሚወድቁት። ጥር አጋማሽ ላይ የሰረዛችሁት ሰው ነበር? 180 ቀን በእኛ ወር ልክ ስድስት ወር ነውና ሐምሌ አጋማሽ ላይ ያርፋል።

ሒሳብ ክፍል፦ አዎ፣ የደጀኑ ሒሳብ ሠራተኛ በጥር ለቅቆ አካውንቱ ተሰርዟል! ምን ላድርግ?

መረብ ጠጋኝ፦ አጥፍተው ያብሩት ብያለሁ፤ እኛ ዘንድ ሁልጊዜ ይሠራል።

ዓባይ ማዶ፦ እባክዎ እንዳያደርጉት፤ እስካሁን ያልተቋረጡት ካሉ እነሱንም ይጥላቸዋል፤ ተመልሰውም አይገቡም።

የጮቄ ጉም፦ ስክሪፕቱ ባለበት ማውጫ ገብተው በኢዚ አርኤስኤ የ«ጄን ሲአርኤል» ትእዛዝ አዲስ ዝርዝር ያውጡ፤ የሰርተፍኬት ሰጪውን የይለፍ ቃል ይጠይቅዎታል። የወጣውን ፋይል የሰርቨሩ ማዋቀሪያ በ«ሲአርኤል ቬሪፋይ» መስመር ወደሚጠቅሰው ቦታ ይገልብጡ። ሰርቨሩ ፋይሉን ራሱ እንደገና ስለሚያነበው ማጥፋት አያስፈልግም። ለሞጣው ገንዘብ ያዥ አዲስ ፋይል አይሥሩ፤ ቀድሞ የወጣው ይሠራል።

የፍኖተ ሰላሙ፦ መመሪያውን ሲጽፉ ሦስቱን ጊዜ ለያይተው ይጻፉ፤ የዝርዝሩን፣ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ሰርተፍኬትና የሰርተፍኬት ሰጪውን። ሦስቱም በተለያየ ቀን ያበቃሉ፤ ዘመን አቆጣጠሩም ከጎኑ ይጠቀስ። የይለፍ ቃሉ ግን በመመሪያው ውስጥ አይጻፍ፤ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥና መመሪያው ፖስታው በማን እጅ እንዳለ ብቻ ይናገር።

ዓባይ ማዶ፦ ዋየርጋርድ የሚባለውን ሌላ ቪፒኤን ብትጠቀሙ ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ ሰው ሲለቅ ቁልፉን ከሰርቨሩ መሰረዝ ብቻ ነው።

የፍኖተ ሰላሙ፦ የትኛው ቁልፍ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ማንን ይሰርዛሉ? እዚያም መዝገብ ያስፈልጋል።

ቡሬ መጋዘን፦ በጥያቄው መሐል ስለገባሁ ይቅርታ፤ እኛም ይህንኑ አድርገን ሰርቨሩ አሁን ፋይሉን ማንበብ አልቻልኩም ይላል።

የጮቄ ጉም፦ ኦፕን ቪፒኤን ከተነሣ በኋላ ሥልጣን በሌለው ተጠቃሚ ስም የሚሠራ ከሆነ ፋይሉንም ሆነ ያለበትን ማውጫ ያ ተጠቃሚ መክፈት መቻል አለበት። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆነው ሲገለብጡት ፈቃዱ ለሩት ብቻ ቀርቶ ይሆናል። የማንበብ ፈቃድ ለሁሉም ይስጡት፤ ዝርዝሩ ምሥጢር የለውም። የግል ቁልፎቹ ያሉበትን ማውጫ ግን አብረው እንዳይከፍቱ።