የማርሚታ (የመኪና ጭስ ማውጫ) ጫፍ ጥላሸት እቤት በምን ነው የምታስለቅቁት?

ኮሮላ_የካ፦
ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣ የምነዳው ኮሮላ ነው የ2004 ሞዴል በፈረንጅ፣ ቤንዚን። ማርሚታው ጫፍ ላይ ከሶማሌ ተራ የገዛሁት የሚያብረቀርቅ ማስጌጫ አስገጥሜበት ነበር፣ ስገዛው መስታወት ነበር አሁን ውስጡ ጥላሸት ብቻ ነው ውጪውም ቡኒ ቡኒ ነጠብጣብ ጀምሮታል። ባለፈው ላቫጆ ወስጄው ልጁ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተገውና ጥቁሩ ትንሽ ለቀቀ ግን ጭረት በጭረት ሆኖ ቀረ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። እናቴ ደግሞ አመድና ሎሚ ሞክር ትለኛለች ድስቶቿን እንደዛ ነው የምታፀዳቸው። የፊታችን እሁድ የታናሽ ወንድሜ ሰርግ ነው መኪናዋ አጀብ ውስጥ ናት እና እቤት ባለ ነገር ላስተካክላት እፈልጋለሁ። በረኪና ይሆናል ወይስ ምን ልጠቀም?

መካኒክ_ቃሊቲ፦
ወንድሜ በረኪና እንዳታስነካው! ክሎሪን አለው፣ ክሮምም ሆነ ስቴንለስ (ዝገት የሚቋቋመው ብረት) ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ እያበጀ ይበላዋል። እናትህን ይቅርታ ጠይቅልኝ አመዱም ለድስት እንጂ ለዚህ አይሆንም፣ ውስጡ አሸዋ አይጠፋም ይጭርብሃል።

መጀመሪያ ዕቃህ ምን እንደሆነ እወቅ። ቡኒ ነጠብጣብ ካወጣ ብዙ ጊዜ ተራ ብረት ላይ ኒኬልና ክሮም የተቀባ ነው። ከላይ ያለው ክሮም እኮ ከ1 ማይክሮን በታች ነው ውፍረቱ፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል፣ ሽቦ ሲነካው ይቆረጣል ከዛ ከስር ያለው ብረት ውሃ ያገኝና ይዝጋል፣ አንዴ ከተነሳ ደግሞ በፖሊሽ አይመለስም። ሰው ማግኔት ካልያዘው ስቴንለስ ነው ከያዘው ክሮም ነው ይላል ግን ማግኔት የሚይዘው ስቴንለስም አለ እሱን ብቻ አትመን።

አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ብርድ እያለ ጀምር። ለብ ያለ ውሃ ላይ ላርጎ አድርግና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ውስጡንም ውጪውንም እሸው፣ ጓንት አድርግ ጥላሸቱ ለቆዳ ጥሩ አይደለም። ቧንቧው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ጨርቅ ወትፍበት፣ ግን ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ማውጣቱን እንዳትረሳ አደራ። አልለቅ ያለውን ደብሊው ዲ 40 (የሚረጨው ዝገት ማላቀቂያ ዘይት) ወይ ነጭ ጋዝ በጨርቅ ቀባ አድርገህ 10 ደቂቃ ተወውና ጥረገው፣ በመጨረሻ በሳሙና በደንብ እጠበው ምክንያቱም ጋዙ የጋለ ብረት ላይ መቅረት የለበትም። ለቡኒው ነጠብጣብ ምግብ የሚጠቀለልበትን ፎይል ጨምድደህ ውሃ ነክረህ ሳትጫን እሸው። አልሙኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም ዝገቱን ግን ያነሳዋል።

ከሚኒሶታ፦
መካኒክ ያለው ትክክል ነው። እዚህ ክረምት ላይ በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ እና ጫፉ ቶሎ ነው የሚዝገው፣ እኔ በየሁለት ሳምንቱ በሳሙና ካላጠብኩት በጥር ላይ ቡኒ ሆኖ አገኘዋለሁ። የኔ ስቴንለስ ነው፣ ለሱ አራት ዜሮ የሚባለውን በጣም ደቃቅ የብረት ሱፍ ከኦቶሶል ፖሊሽ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ እጠቀማለሁ፣ ሽቦ ሌላ ነው ይሄ ሌላ ነው አታምታቱት። ክሮም ከሆነ ግን ኦቶሶሉን በለስላሳ ጨርቅ ብቻ። ጫፉ ላይ ወርቃማና ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፣ ስቴንለስ ሲግል የሚያወጣው ነው፣ ፖሊሽ ያነሳዋል ግን መኪናው ሲነዳ ይመለሳል። ሰም ቀብቼም ሞክሬያለሁ ሙቀቱ ቶሎ ያጠፋዋል።

ቪትዟ_እህት፦
እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ቪትዝ ነው ያለኝ፣ በደንብ አፅድቼው በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ከሰል ይመስላል። ነዳጅም ጨምራብኛለች መሰለኝ። የፅዳቱ ችግር ነው ወይስ የመኪናው?

መካኒክ_ቃሊቲ፦
እህቴ እሱ የፅዳት ጉዳይ አይደለም። ጣትሽን ውስጡ አስገብተሽ እዪው፣ ሞተሩ በርዶ እያለ ማለቴ ነው። ደረቅ ዱቄት ከሆነ ቤንዚን በዝቶ አየር አንሶ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፣ ከአየር ፊልትሮው ጀምሪ፣ ከዛ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ ከዛ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰሩ። ቅባት ቅባት ካለው ግን ዘይት እየበላች ነው፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይ ዘይት የሚያግደው የቫልቭ ጎሚኒ ሊሆን ይችላል፣ ጠዋት ስታስነሺ ሰማያዊ ጭስ ካለ እሱኑ ነው የሚያረጋግጥልሽ። ጠዋት ጠዋት ጠብ ጠብ የሚለው ንፁህ ውሃ ግን አያስፈራ፣ ቤንዚን ሲቃጠል የሚወጣ እንፋሎት ብረቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ውሃ የሚሆነው። አንድ ነገር ደግሞ፣ ጭሱን ለማየት ብለሽ በሩ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር እንዳታስነሺ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም ሳይታወቅሽ ይገድላል።

ቪትዟ_እህት፦
እግዜር ይስጥህ። ደረቅ ነው፣ ጣቴ ላይ እንደ ኩል ነው የቀረው። ፊልትሮውን ከፍቼ ሳየው አፈር ብቻ፣ ሰፈራችን መንገዱ ተቆፍሮ አቧራ በአቧራ ነው። ዛሬ አዲስ ገዝቼ እቀይራለሁ።

ኮሮላ_የካ፦
ወንድሞቼ ተባረኩ። ዛሬ ጠዋት ማስጌጫውን አጥብቆ የያዘውን የፋሼታ ብሎን አላልቼ ማስጌጫውን አወጣሁትና ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀሁበት። ጥላሸቱ በላርጎ ግማሹ ሄደ የቀረው በነጭ ጋዝ፣ ፎይሉ ቡኒውን ሲያነሳው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ክሮሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል እዛ ምንም ማድረግ አልተቻለም፣ የሽቦው ጭረትም በፖሊሽ ደብዘዝ አለ እንጂ አልጠፋም። ሳስገጥመው የተላጠውን ወደ ታች አዞርኩት፣ ከኋላ ለሚያይ አይታወቅም። እናቴም መጥታ አይታው ይሄ ፎይል ለድስትም ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ የአልሙኒየም ድስት ካልሆነ በስተቀር ይሆን ይሆን?